ያለ ቁልፍ የገጠምኳት ሞተር

ሐምሌ 2011 ዓ.ም. ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም በምሠራበት ጋራዥ አንድ የእንስሳት ሐኪም ሞተራቸውን ይዘው መጡ። 125 ሲሲ የቻይና ሞተር ናት፤ ክረምት ከበጋ የገጠር መንገድ ሲቀጠቅጣት የኖረች። የቁልፍ ማስገቢያዋ ተበልቶ የማንም ሞተር ቁልፍ ያዞራታል። በዚያው ሰሞን አንድ ጎረምሳ ገበያ ዳር ከቆመችበት በራሱ ቁልፍ አስነስቶ ሊሄድ ሲል ለጥቂት ነው የደረሱበት። «ከእንግዲህ ቁልፍ የሚባል ነገር አላምንም» አሉና ዘመድ ከአዲስ አበባ የላከላቸውን ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት፤ የክብሪት ቤት የምታህል ጥቁር ሳጥን፣ ሁለት ሪሞት፣ አንድ ሪሌ (ኃይል ሲያገኝና ሲያጣ መስመር የሚያገናኝና የሚያላቅቅ መቀያየሪያ)፣ ባለ ቀለም ሽቦዎች። ሪሞቱን ኪስ ከትቶ ሞተሯ አጠገብ መድረስ ነው፤ ሳጥኑ ያውቀዋል። ማብሪያዋን ሲጫኑ ሪሌው ጠቅ ይላል፣ መስመሩ ይከፈታል።

ሥራው ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ በፊት ሦስት አራት ገጥሜያለሁ፣ አንዱም ተመልሶ አልመጣም።

የደረሰው ነገር እንዲገባችሁ የሽቦዎቹን ነገር ላስረዳ። በእንዲህ ዓይነት ሞተር ከቁልፍ ማስገቢያው አራት ሽቦ ይወጣል። ቀዩ ከባትሪ ይመጣል። ጥቁሩ ወደ መብራትና ክላክስ ይሄዳል። አረንጓዴው ማሳ ነው፤ ከሞተሯ ብረት አካል ጋር የተያያዘው አሉታዊ መስመር። አራተኛው፣ ጥቁር ሆኖ ነጭ መስመር ያለበት፣ ከሲዲአይ፣ ማለትም ለካንዴላ እሳቱን ከሚያዘጋጀው ሳጥን፣ የሚመጣው ነው። ቁልፉ ሲጠፋ ጥቁር በነጩ ከአረንጓዴው ጋር ይገናኝና ለካንዴላ የታሰበው ኃይል ወደ ማሳ ይፈሳል፤ ሞተሩ ይሞታል። ቁልፉ ሲበራ ሁለቱ ይላቀቃሉ። ካንዴላው ላይ የሚፈነጥቀው እሳት ደግሞ የሚመነጨው ፔዳሉ ሲረገጥ ከሚዞረው ማግኔት ነው፤ ባትሪ አይጠይቅም። ለዚህ ነው የገጠር ሰው ይህቺን ሞተር የሚወዳት፤ ባትሪዋ ድርቅ ብሎ እንኳ ረግጦ ያስነሳታል።

እኔ ያደረግሁት ይህ ነው። በዕቃው ሪሌ ቀዩን ከጥቁሩ አገናኘሁ። ለጥቁር በነጩ ሌላ ባለ አምስት እግር ሪሌ ጨመርኩ፤ 30 የሚል ቁጥር ያለበት እግር ላይ ጥቁር በነጩን፣ 87ኤ የሚለው ላይ ማሳውን አሰርኩ። ሪሌው ኃይል ሳያገኝ ሲቀር ሁለቱን አገናኝቶ ይዟል፤ ኃይል ሲያገኝ ያላቅቃቸዋል። ሌባ ሳጥኑን ቢነቅለው ሞተሯ አትነሳም። በጣም ጥሩ አድርጌ የሠራሁ መሰለኝ። መጋጠሚያዎቹን በየድኳቸው፣ በናስትሮ ጠቀለልኳቸው፣ ሳጥኑን ከመቀመጫው ሥር በስፖንጅ ይዤ አሰርኩት።

ዶክተር ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ብዙ ጊዜ ባትሪዋ ደክሞ በፔዳል ነው የማስነሳት። አሁንም በፔዳል ትነሳለች?» አሉኝ። ማብሪያዋን ተጫንኩ፣ አንዴ ረገጥኩ፣ ሞተሯ ተነሳች። «ይኸው ዶክተር፣ እንደ ድሮው ነች» አልኳቸው። እሳቸው የጠየቁኝ ባትሪዋ ሲደክም ነው። እኔ ያሳየኋቸው ባትሪዋ ሞልቶ ነው።

ነሐሴ ላይ ዶክተር ለ14 ቀን ሥልጠና ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዱ። ሞተሯ ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። በተመለሱ ማግስት ገና ሳይነጋ አንድ ገበሬ በራቸውን መታ። ላሙ ከሌሊት ጀምራ ታምጣለች፤ የጥጃዋ ሁለት የፊት እግሮች ወጥተዋል፣ ጭንቅላቷ ግን ወደ ጎን ታጥፎ ቀርቷል። በሰዓቱ የደረሰ ሰው እጁን አስገብቶ ጭንቅላቷን ቢያቃና ትወጣለች፤ ከዘገየ ግን ታፍና ትሞታለች። ቀበሌው 9 ኪሎ ሜትር ነው። ዶክተር ቦርሳቸውን አነገቱ፣ ማብሪያዋን ተጫኑ። ጠቅ የሚል ነገር የለም። ረገጡ። ደግመው ረገጡ። ከገበሬው ጋር ሆነው እስከ ዋናው መንገድ ገፏት፣ ማርሽ አስገብተው ቁልቁል ለቀቋት፤ ሞተሯ አንዴም አልተነፈሰችም።

በእግራቸው ሄዱ። በዚያ ጭቃ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ላሟን አተረፏት። ጥጃዋ ግን ሞታ ነው የወጣችው፤ ሴት ነበረች፣ በሰው ሠራሽ ዘዴ የተዳቀለች።

ከሰዓት በኋላ ሞተሯን በጋሪ ጭነው አመጡልኝ። አልጮኹም። «ምን እንደሆነች እይልኝ» ብቻ ነው ያሉኝ። ባትሪዋን በቴስተር ለካሁት፤ 4 ቮልት እንኳ አይሞላም። ሌላ ባትሪ አሰርኩ፣ ሪሌው ጠቅ አለ፣ በመጀመሪያው እርግጫ ተነሳች። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እጄ ላይ ያለው ቴስተር ከበደኝ።

ሳጥኑ ሌት ተቀን ሪሞቱን ይጠብቃል፤ ለመጠበቅ ደግሞ ኃይል ይበላል። በባትሪው አሉታዊ መስመር መሃል ቴስተሩን አስገብቼ ለካሁ፤ ሁሉም ነገር ጠፍቶ 25 ሚሊአምፔር ይስባል። የሞተሯ ባትሪ 5 አምፔር ሰዓት ነው። አዲስና ሙሉ ቢሆን እንኳ በ200 ሰዓት፣ ማለትም ስምንት ቀን ከጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ያልቃል። ዶክተር የሄዱት ለ336 ሰዓት ነው። ባትሪው ሲያልቅ የእኔ ሪሌ ኃይል አጥቶ ወደ ማረፊያው ተመለሰ፣ ጥቁር በነጩን ከማሳው ጋር ጨብጦ ያዘ። ከዚያ በኋላ ቢረግጧትም ቢገፏትም ማግኔቱ የሚያመነጨው እሳት ሁሉ ወደ ማሳ ይፈሳል። ያለ ባትሪ የምትነሳ ሞተር ነበረቻቸው፤ እኔ የባትሪ ጥገኛ አድርጌ ሰጠኋቸው፣ ያውም ገንዘብ ተቀብዬ።

የእጅ ዋጋዬን መለስኩላቸው። በሦስተኛው ቀን ላሟን ሊያዩ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ገበሬው የሞተችውን ጥጃ ቆዳ ጭድ ሞልቶ ላሟ ፊት አቁሞታል፤ ጥጃዋን ያየች ካልመሰላት አትታለብም። ላሟ ያን ጭድ የተሞላ ቆዳ ትልሰዋለች። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለሰውየው ነገርኩት። «የእግዜር ሥራ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ» አለኝ። እግዜር ሪሌ አላሰረም፤ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ይህንንም ነገርኩት። ገንዘብ ብሰጠው እምቢ አለኝ።

የዶክተርን ሞተር መልሼ ስሠራት ዕቃውን አላወጣሁትም፤ ሌባው አሁንም አለና። ከጥቁር በነጩ ወደ ሪሌው በሚሄደው መስመር መሃል አንዲት ትንሽ የማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ ጨመርኩና እሳቸው ብቻ በሚያውቁት ቦታ ደበቅኳት። ሪሌው ሲከዳቸው ይከፍቷታል፤ ጥቁር በነጩ ከማሳው ይላቀቃል፣ ፔዳሉን ይረግጣሉ፣ ይሄዳሉ። ሞተሯን ለማጥፋት መልሶ መዝጋት ብቻ ነው። ይህ ለሌባ በር መክፈት አይደለም ወይ የሚለኝ አለ። ያን ሽቦ መቁረጥ የሚያውቅ ሌባ በድሮው ቁልፍም ቢሆን አይቸገርም ነበር። ከሳጥኑ በፊት ደግሞ ቫልቮላ (ፊውዝ) ያለው መንቀያ አስገባሁ፤ ለብዙ ቀን ሲሄዱ ነቅለውት ይሄዳሉ። ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥቁር በነጩ ላይ የባትሪ ኃይል አታስነኩ፣ ሲዲአዩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ለሁሉም ሞተር ግን ይህ መላ አይሠራም። በባትሪ ኃይል የሚሠራ ሲዲአይ ያላቸው፣ ነዳጅ በኤሌክትሪክ የሚረጭላቸውም ያለ ባትሪ አይነሱም። ከፋብሪካ ያለ ቁልፍ የወጡት እንደ ካዋሳኪ 1400 ጂቲአር ያሉት ትልልቆቹ ፔዳልም የላቸውም፤ ባትሪያቸው ከሞተ ያው ቆመው ነው የሚቀሩት። ስለዚህ አሁን ዕቃውን ከመፍታቴ በፊት ባለቤቱን የምጠይቀው ሞተሩ የት ውሎ የት እንደሚያድር፣ ስንት ቀን ሳይነሳ እንደሚቆም፣ ባትሪው ሲሞትበት ምን እንደሚያደርግ ነው። ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው በደስታ እገጥማለሁ። ሌሊት ለሚጠራ አዋላጅ ወይም የእንስሳት ሐኪም ግን የተደበቀችው ቁልፍ ካልገባች አልገጥምም፤ ሁለት ሰው በዚህ ተቀይሞኝ ሌላ ጋ ሄዷል።

ከገጠምኩ በኋላ የባትሪውን ገመድ እነቅላለሁ። መብራቱ ሁሉ ይጠፋል፤ ባትሪ ሳይኖር ሞተር ማስጮህ አምፖል ስለሚያቃጥል በዝግታ፣ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው የምናስነሳው። የተደበቀችውን ቁልፍ ባለቤቱ ራሱ ፈልጎ እንዲከፍታት አደርጋለሁ። ከዚያ እኔ ገለል እላለሁ፣ ፔዳሉን የሚረግጠው እሱ ነው።