አንዲት «ን»

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ በቴሌግራም «አክስቴ እማዬ እየጠራቻት ነው» ብላ ጻፈችልኝ። አክስቷ እናቷን የጠራቻት መሰለኝ። እኔን አይመለከተኝም ብዬ ዝም አልኩ። ለካ እህቴን ወገቧን አሟት፣ እኔ ሰፈር ያለችውን ታናሻችንን ፈልጋ ኖሯል። እስከ ማታ ጠበቀች። በጣም አዘንኩ።

«አክስቴን» ብትል ኖሮ ግልጽ ነበር። «ውሻው ድመቱን ነከሰው»፣ «ድመቱን ውሻው ነከሰው» ብንል፣ ቦታው ቢለዋወጥም ትርጉሙ ያው ነው። «ን»ን ካነሳናት ግን ማን ማንን እንደነከሰ በምን እናውቃለን?

«መምህራኖች»፣ «ቃላቶች» የሚለውም ያሳስበኛል። «መምህራን» ራሱ እኮ ብዙ ቁጥር ነው። ይሄንን ግን ትልልቅ ሰዎችም በቴሌቪዥን ይሉታል፤ ልጆቹን ብቻ መውቀስ ልክ አይመስለኝም። ከማን ይማሩ?

ልጅቷን አልተቆጣኋትም። አጠገቤ አስቀምጬ ዐረፍተ ነገሩን በሁለት መንገድ ጻፍኩላት። ትንሽ አየችውና «ውይ ጋሼ፣ ለካ ለዚህ ነው ዝም ያልከው!» አለች። በማግስቱ መልእክት ላከችልኝ፦ «እማዬን ዛሬ ሻል ብሏታል።»