ስሟን የጻፍኩበት ሪፖርት

ከታዳጊዎች ጋር በዘፈን ለመሥራት ያሰበ የትምህርት ቤት አማካሪ ካለ፣ ስለ ስፒከርና ስለ ዘፈን ምርጫ ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ማን እንዳለቀሰ ወረቀት ላይ አትጻፉ። እኔ ጽፌያለሁ። ከነአባቷ ስም፣ ከነክፍሏ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁንም ሳስበው ፊቴን ይግለኛል።

ሙዚቃ ቴራፒስት አይደለሁም። ሳይኮሎጂ ተምሬ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአማካሪነት እሠራለሁ። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ሙያ ለመጠራት ከዲግሪው ጋር 1200 ሰዓት የተግባር ልምምድና ፈተና ይጠየቃል፤ እኔ ያለኝ ያነበብኩትና የሞከርኩት ነው። ስለዚህ «የዘፈን ሰዓት» እለዋለሁ እንጂ ሕክምና አልለውም። ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ልጅ ሲገጥመኝም ዘፈን አልከፍትለትም፣ ሆስፒታል ነው ይዤው የምሄደው።

የጀመርኩት በአጋጣሚ ነው። ቢሮዬ ከሚላኩት ልጆች አብዛኞቹ «ምንም አልሆንኩም ቲቸር» ብለው ዝም ይላሉ። አንዱ ግን አንድ ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ ነበር የገባው። ልቆጣው አስቤ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ምን እየሰማህ ነው?» አልኩት። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አላቆመም።

ዝግጅቱ ቀላል ነበር። ረቡዕ ከሰዓት፣ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል 12 ልጆች፣ ስምንት ሳምንት። ስፒከሩን ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ተዋስኩ፣ ወንበር በክብ ደረደርኩ። አለቀ።

ፈቃዱ ነው ያንገላታኝ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ «የዘፈኖቹ ዝርዝር አስቀድሞ ይቅረብ» አሉ። 20 አቀረብኩ። ሦስት መምህራን ተሰብስበው፣ ቃለ ጉባኤ ይዘው፣ ስድስቱን አሳለፉ። በትዝታ ቅኝት የተዘፈነው ሁሉ «ተስፋ የሚያስቆርጥ» ተብሎ ወደቀ። ካለፉት አንዱ ስለ አዝመራና ስለ ማር የሚያወራ ነበር፤ ኮሚቴው ሰሙን አይቶ አጸደቀው፣ ልጆቹ ወርቁን ሰምተው በሳቅ ከወንበር ሊወድቁ ደረሱ። (ከሦስቱ አንዱ የአማርኛ መምህር ናቸው።)

በመጀመሪያው ረቡዕ ከጸደቁት ውስጥ በጣም ደስ የሚለውን ከፈትኩ። ሙድ ያዙብኝ። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የሰልፍ ነው!» የልጁ ልብ ከብዶት ሳለ በደስታ ዘፈን መጀመር ስህተት መሆኑን በ1940ዎቹ አይራ አልትሹለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጽፎበታል፤ ሙዚቃው መጀመሪያ ሰውየው ያለበትን ስሜት ይምሰል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይቀየር ይላል። ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው ይህን ለማወቅ አልትሹለር አያስፈልገውም። ተገብቶ አብሮ ይለቀሳል፤ ወሬው፣ ኋላም ሳቁ፣ በየተራው ይመጣል። በር ላይ ቆሞ ቀልድ የሚጀምር የለም። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ዝርዝሩን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ልጆቹ ራሳቸው ዘፈን እንዲያመጡ አደረግሁ። ራፕ ብቻ የሚያመጡ መስሎኝ ነበር። አንዱ አያቱ የሚሰሙትን ትዝታ ይዞ መጣ፣ ማንም ፋራ አላለውም።

አራተኛው ሳምንት ላይ ደረስን።

የአንድ ልጅ ዘፈን አለቀ። ዘፈን ሲያልቅ የሚመጣውን ዝምታ እወደዋለሁ፤ ቶሎ «እህ፣ ምን ተሰማችሁ?» ማለት አልወድም። ዝም አልን። ዩቲዩቡ ግን ዝም አላለም። ቀጣዩን በራሱ እንዳይከፍት ማጥፋት ነበረብኝ፣ አላጠፋሁም። መጀመሪያ የሳሙና ማስታወቂያ ጮኸ፣ ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ስለ እናት ናፍቆት የተዘፈነ መጣ፤ ሁላችን የምናውቀው ዓይነት፣ መግቢያው ላይ ገና ክራሩ ሲመታ ሆድ የሚያባባ። ማጥፋት እችል ነበር፣ ስልኩ እጄ ላይ ነው። «ይሁን፣ ጥሩ አጋጣሚ ነው» ብዬ ተውኩት። ልጆች መርጠው ባላመጡት ዘፈን ላይ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ።

ከልጆቹ የአንዷ እናት ከአገር ከወጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ቤይሩት እንበል፤ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። የሹራቧን ኮፍያ ፊቷ ላይ ሳበች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ተነስታ ወጣች። ተከትያት ሮጥኩ። ውሃ ቧንቧው ጋ አገኘኋት። «ዘፈኑ አይደለም» አለችኝ፣ «ሁሉም እያዩኝ ነበር፣ አንቺም ጭምር።»

ያን ጊዜ አሥራ አንድ ልጆች ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። አንዱ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሲደርሱ መምህር የሌለበት ክፍልና የሚጮህ ስፒከር አገኙ። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልከራከርም።

«ነገ እስከ 4 ሰዓት በጽሑፍ» አሉኝ። ምን እንደተፈጠረ፣ ማን እንደሆነች፣ የተወሰደው እርምጃ። ስም አያስፈልግም አልኩ። «ያልተሟላ ሪፖርት አልቀበልም፣ ክበቡም ይዘጋል።» ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና ጻፍኩ። ለልጆቹ ስል ነው፣ ፕሮግራሙ እንዳይዘጋ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ለመናገር የሥራ አፈጻጸም ምዘናዬ በዚያው ወር ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደበለጠብኝ ዛሬም ባልመልስ እመርጣለሁ።

ወረቀቱ መዝገብ ቤት ገባ፣ ቁጥር ወጣለት፣ ማኅተም አረፈበት። ከዚያ ለክፍል ኃላፊዋ ተመራ። የክፍል ኃላፊዋ የሚያውቁትን አደረጉ፦ «ወላጅ አምጪ!» እናቷ ባሕር ማዶ ስለሆኑ ያለቀሰችን ልጅ፣ ስላለቀሰች ወላጅ አምጪ አሏት። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሜ ደግሜ ጽፌዋለሁ፣ አሁንም ያናድደኛል።

አክስቷ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ምክትሉ ቢሮ ተቀመጡና፣ «ምን አጉድዬባት ነው ሰው ፊት የምታለቅሰው? እናቷ ይህን ብትሰማ እዚያ ሆና ምን ትሆናለች?» አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፣ በአንድ ገጽ ወረቀት አሳጣኋቸው። እኔ ስለ ስሜት መግለጽ ጥቅም አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፤ ማንም አልሰማኝም፣ ደግ አደረጉ። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ቀና ብላ፣ «የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

እስከዚያ ቀን አንቺ ነበር የምትለኝ። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ነኝ። ወደ ቡድኑ አልተመለሰችም። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ ስታገኘኝ በጨዋ ደንብ «እንደምን አደሩ» ብላኝ ታልፋለች።

የቀየርኩትን ልንገራችሁ። ዘፈን አውርጄ ስልኬ ላይ እጭናለሁ፣ ኢንተርኔቱን አጠፋለሁ። ሁለተኛ አዋቂ ከሌለ ክፍሉን አልከፍትም፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይቀራል። መውጣት የፈለገ ምክንያት ሳይናገር እንዲወጣ ገና በመጀመሪያው ቀን እንስማማለን፣ ተከትዬም አልሮጥም፤ ሁለተኛዋ መምህርት ከሩቅ ታየዋለች። በስም ፈንታ ቁጥር እይዛለሁ።

አንድ ሥልጠና ላይ «የዘፈኑን መልእክት አወያዩ» ተብለን ነበር። አታወያዩ። «መልእክቱ ምንድን ነው?» ያላችኋቸው እንደሆነ እንደ ፈተና ጥያቄ ነው የሚመልሱላችሁ፤ ጠንክሮ መሥራት፣ አገር መውደድ፣ እናትን ማክበር። እኔ «የቱ ጋ ስትደርስ ነው ድምፁን የምትጨምረው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ መልሱ አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ያ ቃል ግን ይበቃኛል። አሳዛኝ ዘፈን ይከልከል የሚሉትንም አትስሟቸው። የጎዳት ሐዘኑ አልነበረም፤ ሳትመርጠው መምጣቱና ሰው ሁሉ እያያት መሆኑ ነው።

ከሁሉ የሠራልኝ ግን ከአዝማሪ ቤት የተዋስኩት ነው። አዝማሪ ቤት ሰው በራሱ አፍ የማይደፍረውን ስንኝ አድርጎ «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በራሱ ድምፅ ያወጣለታል፣ ቤቱ ያዳምጣል። ልጆቹ ሁለት ሁለት መስመር ይጽፋሉ፣ ያለ ስም ካርቶን ሳጥን ውስጥ ይከታሉ፣ የወደዱትን ዘፈን ዜማ ይመርጣሉ፣ አንዱ ዴስክ ይመታል፤ አዝማሪዋ እኔ ነኝ። ድምፄ አስቀያሚ ነው። በእኔ ድምፅ ይስቃሉ፣ በስንኙ ባለቤት ላይ አይስቁም፤ ባለቤቱም ከሳቂዎቹ መሃል ተቀምጦ የገዛ ቃሉን ይሰማል። አንድ ቀን ይህ መጣ፦

ጫማው ደረሰልኝ ከባሕሩ ማዶ፣
ጠበበኝ እማዬ ዓመቱ ነጉዶ።

የዚያን ቀን ማንም አልሳቀም። በሳምንቱ «ይህን ሌላ ቦታ ብጠቅሰው ይከፋሃል ወይስ ይከፋሻል?» የሚል ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። መልሱ በሚቀጥለው ረቡዕ መጣ፦ «ይቻላል። ግን የማን እንደሆነ አትፈልጊ።» የእጅ ጽሑፉን እንዳልለየው ቶሎ አጣጠፍኩት።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ተዛውረዋል። አዲሷ ምክትል ባለፈው ወር የተሳታፊዎችን ስም ዝርዝር ጠየቁኝ። ከ1 እስከ 12 ቁጥር ጽፌ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት፣ «ይህ ምንድን ነው?» አሉ። እስካሁን አልተስማማንም። የዘንድሮው ምዘናም ገና ነው።