ሸራው ሳይኖር ፍሬን የያዝኩ ቀን

ማርች መጀመሪያ ላይ ሞተሬን ለዓመታዊ ምርመራ ወሰድኳት። እዚህ ለንደን ኤም ኦ ቲ ይሉታል። ሞተሯ ሦስት ዓመት ከሞላት በኋላ በየዓመቱ ግዴታ ነው። አለፈች፤ ግን ወረቀቷ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፦ የፊት ፍሬን ሸራ ሊያልቅ ነው።

አሮጌ 125 ሲሲ ናት። ምግብ የማደርሰው በእሷ ስለሆነ እሷ ከቆመች እንጀራዬም ቆመ ማለት ነው። ጋራዥ ጠየቅኩ። ሸራው ርካሽ ነው፣ የእጅ ዋጋው ግን የሁለት ቀን ገቢዬን ይጠጋል። «ሁለት ብሎን ለመፍታት?» አልኩ በሆዴ። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ አዲስ አበባ ሳለሁ የብስክሌት ጎማ እንኳ ሲተነፍስ ጎሚስታ ጋ ነበር የምሮጠው።

ሸራ፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ አንድ ጠርሙስ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ገዛሁ። ቪዲዮም አየሁ። ሰውዬው በ12 ደቂቃ ይጨርሰዋል። እሱ ግን መብራት ያለው ጋራዥ አለው። እኔ ያለችኝ ከሕንፃው ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ያለች ቦታ ናት።

ካሊፐሩን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ አቅፎ የሚይዘውን፣ ፈታሁት። እስከዚህ ሰላም ነው። ችግሩ በብርዱ ወራት መንገዱ ላይ የሚበትኑት ጨው ነው፤ ሸራውን የያዘው ፒን ዝጎ ተጣብቋል። እሱን ለማስወጣት ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ሸራው ሲወጣ አንዱ ወገን እንደ ወረቀት ሳስቷል፣ ሌላው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ካሊፐሩ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀው ኖሯል። አንዱ ሸራ ሲሠራ ሌላው ቁጭ ብሎ ያይ ነበር ማለት ነው።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቪዲዮው ላይ ሰውዬው የፍሬኑን እጀታ ትንሽ ጫን ያደርግና ፒስተኑ፣ ማለትም ሸራውን ወደ ዲስኩ የሚገፋው፣ ብቅ ሲል ዙሪያውን ያጸዳል። እኔ «ትንሽ» የምትለዋን አልሰማሁም። አንዴ ያዝኩ፤ አንዱ ፒስተን ብቅ አለ። ሌላውም ይምጣ ብዬ ደገምኩ። በሦስተኛው ቧ! ፒስተኑ ወጥቶ መሬት ላይ ተንከባለለ። ዘይቱ ጫማዬ ላይ፣ ቸርኬው ላይ ፈሰሰ። የፍሬን ዘይት ቀለም እንደሚልጥ አውቅ ስለነበር ሮጬ ባልዲ ውሃ አምጥቼ ደፋሁበት።

በለንደን ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ ማታ ሁለት ሰዓት ነው። አጎቴ ጋ ደወልኩ፤ ዕድሜውን ሙሉ የታክሲ ላዳ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። በካሜራ አሳየሁት።

«ሸራው ሳይኖር ፍሬን ያዝ ያለህ ማነው?»

«ማንም አላለኝም፣ ጋሼ።»

«እሱማ ያስታውቃል።»

ከሳቀ በኋላ ግን አንድ በአንድ አስረዳኝ። ፒስተኑን ጥረገው፣ ጭረት ካለው ተወው። ጎሚኒው፣ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ላስቲክ፣ ተቀዶ ወይም ተጣሞ እንደሆነ እይ። ደህና ከሆነ በአዲስ የፍሬን ዘይት አርጥበህ ቀጥ አድርገህ በጣትህ ግፋው፤ እንዳትመታው። «ተራ ግራሶ ደግሞ አጠገቡ እንዳታደርስ፤ ላስቲኩን ያሳብጠዋል።» ለሚንሸራተቱት ፒኖች የሲሊኮን ግራሶ ነው የተጠቀምኩት።

አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ከመኪናው ተከፍቶ የቆየ የፍሬን ዘይት ይዞልኝ ወረደ። ጋሼ ገና ጠርሙሱን ሲያይ «ድፋው!» አለ። ዶት 4 ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ አዲሱ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲገባበት ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ደግሞ የያዝከው ፍሬን አረፋ ነው።

ፒስተኑ ሲወጣ የገባውን አየር ማስወጣቱ ጨለማ ላይ፣ በስልክ መብራት ሆነ። ጓደኛዬ እጀታው ላይ፣ እኔ ማስተንፈሻዋ ብሎን ላይ በ8 ቁልፍ።

«ያዝ!»

«ይዣለሁ።»

እከፍታለሁ፤ በቀጭኗ ቱቦ አረፋ እንደ ጠላ እየተንፎለፎለ ይወጣል። እዘጋለሁ።

«ልቀቅ!»

ከመዝጋቴ በፊት ከለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ሁለቴ ቸኩሎ ለቀቀና ሁለቴ ተሰዳደብን። ላይኛው ማጠራቀሚያ እንዳይጎድልም በየመሀሉ እንሞላለን። ስንት ጊዜ እንደደጋገምነው ቆጠራውን ትቼዋለሁ። ብቻ መጨረሻ ላይ እንደ ስፖንጅ ይሰምጥ የነበረው እጀታ ድንጋይ ሆነ።

ዲስኩን በስፕሬይ አጥቤ፣ ብሎኖቹን መመሪያው በሚለው ልክ በቶርክ ሬንች፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ፣ አጠበቅኩ። መጀመሪያ ሞተሩን ሳላስነሳ እየገፋሁ ፍሬን ያዝኩ። ቆመች። በማግስቱ አዲሱ ሸራ ገና ከዲስኩ ጋር ስላልተላመደ ከአውቶቡሶቹ ርቄ፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያልኩ ነዳሁ። ሁለት ትዕዛዝ ዘገየብኝ።

ማታ ጋሼ ደወለ።

«ቆመች?»

«ቆመች፣ ጋሼ።»

«የኋላውንስ አየኸው?»

የኋላው ፍሬን ዲስክ ሳይሆን ከበሮ (ድራም) ነው። ኔትወርክ የተቆራረጠ አስመስዬ ዘጋሁት።