ፋይሉ ተቃጥሏል

ሥራ በገባሁ በስድስተኛው ወር የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። የምሠራው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ የቀድሞ ወታደሮችን የወረቀት ጣጣ በሚያግዝ አንድ ትንሽ ቢሮ ነው። ጡረታ፣ ሕክምና፣ ቀብር፣ የጠፋ ማስረጃ። በአጭሩ ቅጽ እንሞላለን። ስገባ ቀኑን ሙሉ የጦር ሜዳ ወሬ የምሰማ መስሎኝ ነበር። ባለጉዳዮቻችን አብዝተው የሚያወሩት ግን ስለ መኪና ማቆሚያችን ጥበት ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሽማግሌ መጡ። ስማቸውን አልጠቅስም፣ ጋሼ ልበላቸው። እንግሊዝኛ አንተና አንቱን አይለይም፤ እኔ ግን በሆዴ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አንቱ እያልኩ ነው ያስተናገድኳቸው። በ1968 እና በ1969 ቬትናም የዘመቱ እግረኛ ወታደር ናቸው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የመጡት ለሜዳሊያ አልነበረም። ለመቃብራቸው ነው። ከ2016 መጨረሻ ወዲህ አንድ የቀድሞ ወታደር በብሔራዊ መካነ መቃብር የመቀበር መብት እንዳለው በሕይወት ሳለ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይችላል። «ልጆቼ በዚያ ሰዓት ወረቀት ሲፈልጉ እንዳይንከራተቱ ነው» አሉኝ።

መሸኛቸውን ተቀበልኳቸው። ዲዲ 214 ይባላል። የአሜሪካ ወታደር ከሠራዊቱ ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ሃያ ዓመት ያገልግል ሁለት ዓመት፣ ማንነቱ ሁሉ እዚያች ወረቀት ላይ መግባት አለበት። መንግሥት በነፃ የሚሰጠው የመቃብር ድንጋይ ላይ ትልልቅ ሜዳሊያዎችን ማስቀረጽ ስለሚቻል «ድንጋዩ ላይ ምን ይጻፍልዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጣታቸውን የሜዳሊያው ሳጥን ላይ፣ ቁጥር 24 ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ አንድ ነገር ይጎድላል። ግን ተወው።»

ተወው የሚል ሰው ይተዋል ማለት አይደለም። የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። ከቀኝ ክርናቸው በታች ቆዳው እንደተቃጠለ ላስቲክ ተጨማዶ፣ መሀሉ ላይ አውራ ጣት የምታስገባ ጎድጓዳ አለ። የሞርታር ፍንጣሪ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ፐርፕል ኸርት የለም።

ፐርፕል ኸርት፣ ሐምራዊ ልብ እንደማለት፣ በጠላት እጅ ለቆሰለ ወይም ለሞተ ወታደር የሚሰጥ ሜዳሊያ ነው። ሥሩ ጆርጅ ዋሽንግተን በ1782 ያቋቋመው የጨርቅ ልብ ነው። ለረጅም ዘመን ተረስቶ ቆይቶ፣ በ1932 የሰውየው 200ኛ ልደት ሲከበር በሜዳሊያ መልክ ተመለሰ። ከሌሎቹ የሚለየው ነገር አለ። አለቃ «ይገባዋል» ብሎ እስኪያቀርብ አይጠበቅም። መስፈርቱን ካሟላህ መብትህ ነው። መስፈርቱ ደግሞ ሦስት ነው፤ ቁስሉ በጠላት ምክንያት ይሁን፣ የሕክምና ባለሙያ ያክመው፣ ሕክምናው በመዝገብ ይስፈር። ይቺን ሦስተኛዋን ያዙልኝ።

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ፋይሌ ተቃጥሏል። ሴንት ሉዊስ። አንድ የቀድሞ ወታደር ነው ከብዙ ዓመት በፊት የነገረኝ።»

እዚህ ጋ ነው እኔ አዋቂ የሆንኩት። የሴንት ሉዊሱን ቃጠሎ ሥልጠና ላይ ተምሬዋለሁ። ሐምሌ 12 ቀን 1973 የአሜሪካ ወታደሮች የግል ማህደር ያለበት ሕንፃ በእሳት ተያያዘ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ፋይል ወደመ። ቅጂ የለው፣ ማይክሮፊልም የለው። የቱ እንደተቃጠለ የሚናገር ዝርዝር እንኳን አልነበረም። ታሪኩ ይማርካል። ለጋሼ ከሀ እስከ ፐ ተረኩላቸው። እሳቸውም አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ሁለታችንም በእሳቱ ተስማማን።

ከዚያ ለሠራዊቱ መዝገብ አራሚ ቦርድ የሚቀርበውን ማረሚያ ቅጽ፣ ዲዲ 149ን ሞላሁ። «ማስረጃው በ1973ቱ ቃጠሎ ወድሟል» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ደብዳቤም አያያዝኩ። ራሴን ላሞግስ አይደለም እንጂ ጥሩ ደብዳቤ ነበር። ጭቃው፣ ጨለማው፣ ጩኸቱ፣ ሁሉም አለበት። ቅጹ «ስህተቱን ያወቅከው መቼ ነው? ሦስት ዓመት ካለፈው ቦርዱ ለምን ይየው?» ብሎ ይጠይቃል። ቦርዱ ለፍትሕ ሲል የጊዜ ገደቡን ማለፍ ይችላል፣ ግን ምክንያት ንገሩኝ ይላል። እሷንም በእሳቱ አለፍኳት። ጋሼ ፈረሙ። ላክን።

መልሱ ሲመጣ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በትሕትና የተጻፈ እምቢታ ነው። ማህደሩ ቀርቦ ታይቷል ይላል። ቀርቦ! የቁስል መጻፊያው ክፍት ነው፣ የሕክምና ወረቀትም የለበትም፤ የአመልካቹ ቃል ብቻውን በቂ አይደለም። ደግሜ አነበብኩት። ፋይሉ አልተቃጠለም።

ደብዳቤውን ይዤ አንጋፋዋ ባልደረባዬ ጋ ሄድኩ። ሠራዊት ውስጥ ዕድሜዋን በሙሉ የሰው ኃይል ጸሐፊ ሆና የሠራች፣ ጡረታ ወጥታ እኛ ጋ የገባች ሴት ናት። ቀና ብላም አላየችኝ።

«ከሠራዊቱ የወጡት መቼ ነው?»

«በ1970።»

በእስክሪብቶዋ ወደ ጠረጴዛዬ ጠቆመችኝ። ከወንበሬ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነች አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች። ሥራ ከገባሁ ጀምሮ ጃኬቴን የምሰቅለው እሷ ላይ ነው። እንዲህ ትላለች፤ ከምድር ጦሩ የተቃጠለው ከኅዳር 1 ቀን 1912 እስከ ጥር 1 ቀን 1960 የተሰናበቱት ፋይል ነው፣ 80 በመቶው። ከአየር ኃይሉ ከመስከረም 25 ቀን 1947 እስከ ጥር 1 ቀን 1964 የተሰናበቱት፣ እነሱም ስማቸው በፊደል ተራ ከሐባርድ በኋላ የሚመጣው፣ 75 በመቶው። በቃ። የቬትናም ዘማች እግረኛ እዚያ እሳት ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል? ኮሪያ ዘምተው በ1953 የተሰናበቱ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበርኩ። ጋሼ ያን ጊዜ ገና ልጅ ናቸው።

እሷ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ቦርዱ ሰውየው ዋሽተዋል አላለም» አለችኝ። «የት ተጻፈ ነው ያለው። አንተ ምን እንደሆነ ነው የጠየቅካቸው። ማን እንደጻፈው አልጠየቅካቸውም።»

ለጋሼ ደውዬ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ። «ልጄ፣ አንተ አንድ ዓመት ነው ያመንከው። እኔ ሠላሳ ዓመት አምኜዋለሁ።» መሳቃቸው አላቀለለኝም። ቴሌፎኑን ስዘጋ ጆሮዬ እንደጋለ ነበር።

በሁለተኛው ዙር እኔ ጸሐፊ፣ እሷ ጠያቂ ሆንን። መጀመሪያ በቅጽ 180 ሙሉ ማህደራቸውን አስመጣን። እኔ አለመቃጠሉን በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር። ዲኤ 20 የሚባል ቢጫ ካርድ አለ፤ ወታደሩ የት የት እንደተመደበ፣ ምን እንደተሸለመ በታይፕ የተመታበት። ቁጥር 40 «ቁስል» ይላል። ባዶ ነው። አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ቀን፣ አንዲት መስመር ሳይመታ አለፈ። ሌላ ተንኮል የለበትም።

ጋሼ ሲመጡ ስለ ውጊያው አንድም ጥያቄ አልጠየቀቻቸውም። ማን ተሸከመዎት? ልብስዎ ላይ ካርድ ያሰረልዎት ሰው ነበር? ያን ሌሊት የት አደሩ? በስንተኛው ቀን ተመለሱ? ካርድ ታስሮላቸው ነበር፣ በሸሚዛቸው ቁልፍ ቀዳዳ በሽቦ። ደም በልቶት መነበብ አቁሞ ነበር አሉ። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ ቀንና ሰዓት እጽፋለሁ።

«እናትዎ አውቀው ነበር?»

«እናቴ? ኧረ የለም። አልጻፍኩላትም። ስመለስም ሽቦ ቧጨረኝ አልኳት። እሷም አልጠየቀችኝ።»

ባልደረባዬ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የእናትዎ ዕቃ ማን ጋ ነው?»

ሌላ ግዛት የሚኖሩ ታናሽ እህት ጋ ነው። በነጋታው ደወሉላቸው። ለሦስት ሳምንት ወሬ የለም። ከዚያ በካርቶን የተደገፈች ፖስታ መጣች፣ ጋሼ ሳይከፍቷት ይዘዋት መጡ። ውስጧ ቴሌግራም አለ። ከእናትየው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው የተገኘው። እጥፋቱ ላይ አርጅቶ በስኮች ተለጥፏል፣ ስኮቹ ራሱ ቡናማ ሆኗል። ከጦር ሠራዊቱ ለእናት የተላከ ነው። ልጅዎ በዚህ ቀን በጠላት ሞርታር ፍንጣሪ ቀኝ ክንዱ ላይ ቀላል ቁስል ደርሶበታል፣ ታክሟል ይላል። ጠላት፣ ቁስል፣ ሕክምና። ሦስቱም እዚያች ወረቀት ላይ ሃምሳ ዓመት ታጥፈው ተቀምጠዋል።

ጋሼ ፊቱን አንብበው ገለበጡት። ጀርባው ላይ በእርሳስ ቀኖች ተጽፈዋል፣ ወደ ታች፣ ሰባት ናቸው። እያንዳንዱ ጎን ጭረት አለ። ጋሼ ከቁስሉ ወዲህ ለእናታቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች የደረሱበት ቀን ነው። ከመጀመሪያው አጠገብ ሦስት ቃል ብቻ አለች፤ «ዝናብ ነው ይላል»።

የጀርባውን ከፊቱ ይልቅ አርዝመው አነበቡት። እኔ ኮምፒውተሬን ማየት ጀመርኩ።

አንድ ወረቀት ብቻውን ጥሩ ነው፣ ሁለት ከሆነ ደግሞ ይቆላለፋል። የቬትናም ዘመን ክፍሎች መዝገብ ያለው ኮሌጅ ፓርክ፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው፤ ከቢሯችን ሩቅ አይደለም። ፎቶ ያለበት መታወቂያ አውጥቼ ገባሁ። እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ እርሳስ ብቻ። ግራጫ ሳጥን ይመጣል፣ ከውስጡ የሚወጣው አንድ አቃፊ ብቻ ነው፣ እሱን ሳትመልስ ሌላ አትነካም። የሻለቃዋን የዕለት መዝገብ አገኘሁት። ስስ ወረቀት ላይ በታይፕ የተመታ፣ ተራ ቁጥር፣ ሰዓት፣ የሆነው ነገር፣ የጸሐፊው ፊርማ። ከሌሊቱ መሀል ላይ አንድ መስመር፤ ሞርታር፣ ሦስት ቁስለኛ፣ ሄሊኮፕተር ተጠይቋል። ስም የለውም። ቀኑ ግን ቴሌግራሙ የሚለው ቀን ነው። ያቺን መስመር ሳገኝ እጄ ላይ የነበረውን እርሳስ ጣልኩት፣ አስተናባሪዋም ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

አዲስ ማስረጃ ካለ ቦርዱ እንደገና ያያል። ሁለተኛው ደብዳቤዬ አንድ ገጽ እንኳን አልሞላም። ጭቃ የለበት፣ ጩኸት የለበት። «አባሪ አንድ ቴሌግራም። አባሪ ሁለት የዕለት መዝገብ።» የቀድሞው ማመልከቻዬ ስለ ቃጠሎው የተናገረው ስህተት መሆኑንም ጻፍኩ። ባልደረባዬ አንብባ አንድ ቅጽል ሰርዛ መለሰችልኝ።

ከወራት በኋላ ዲዲ 215 መጣ። 215 አሮጌውን መሸኛ አይተካም፣ አብሮት የሚያያዝ ማረሚያ ነው። ፐርፕል ኸርት የሚለው መስመር ገብቷል። አብሮትም ጋሼ ሰምተውት የማያውቁት አለ፤ ቬትናም ለነበሩ የምድር ጦር ክፍሎች በሙሉ በ1974 አጠቃላይ ትዕዛዝ ቁጥር 8 የተሰጠው የጀግንነት መስቀል የክፍል ሽልማት። እሳቸው ከሠራዊቱ ከወጡ በኋላ ስለተሰጠ መሸኛው ላይ ሊገባ አይችልም ነበር። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። አስረዳኋቸው። በዚህኛው ወረቀቱን አይቼ ነበር።

ሜዳሊያው በፖስታ ተልኮ ቤታቸው ደርሶ፣ ጋሼ ሳጥኑን ይዘው የጀመርነውን የቀብር ቅጽ ሊጨርሱ መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ ከፈቱልኝ። ልብ ቅርጽ፣ መሀሉ ሐምራዊ፣ የዋሽንግተን የጎን ምስል በወርቅማ ቀለም። ባልደረባዬም መጥታ አየች። የድንጋዩን ጽሑፍ ሞላን፣ ፈረሙ፣ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

ቅጹን ልሰበስብ ስል ሳጥኑ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቷል። ሮጬ መኪና ማቆሚያው ላይ ደረስኩባቸው። እጃቸውን የጃኬታቸው የደረት ኪስ ላይ አድርገው ቁልፍ የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር። ከኪሳቸው ጫፍ የካርቶኗ ፖስታ ብቅ ብላለች።

«ጋሼ፣ ሜዳሊያዎን ረሱት» አልኳቸው፣ በአማርኛ፣ ሳላስበው።

ዞር ብለው ሳጥኑን አዩት። «እሱን ነው? አመሰግናለሁ» ብለው በሌላኛው እጃቸው ተቀበሉኝ።