ሸክላ፣ ካሴትና የጎንደር ሳሎኖች

በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት መርፌ ይዤ ነበር። የልብስ መርፌ አይደለም። ሸክላ ማጫወቻ ክንድ ጫፍ ላይ የምትሰካዋ፣ የሸክላውን መስመር ተከትላ ዘፈኑን የምታወጣዋ ነች። ኤርፖርት ላይ ፈታሿ ልጅ ሳጥኗን ከፈተች፣ አገላበጠች፣ «ለምንድን ነው?» አለችኝ። «ለዘፈን» አልኳት። ጓደኛዋን ጠርታ አሳየቻት። ሁለቱም ሳቁና አሳለፉኝ።

መርፌዎቹን ያዘዙኝ ጎንደር ያሉ ወዳጆቼ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተራ በተራ አንዳቸው ቤት ይሰበሰባሉ። ገንዘብ የሌለበት ዕቁብ በሉት። ባለተራው ቡና ያስፈላል፣ የራሱን የሙዚቃ ዕቃ ያሰማል፣ ከዚያ ትችቱን ቁጭ ብሎ ይቀበላል። «ቤዝህ ያጓራል።» «ትዊተርህ (ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣዋ ትንሿ ስፒከር) ጆሮ ይበሳል።» «ይኼን ስፒከር ሽጠህ በግ ግዛበት።» ከአዲስ አበባ ሆኜ በስልክ ስከራከራቸው ከርሜ በመጨረሻ «መጥተህ ስማና ፍረድ» አሉኝ።

በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው። አዘዞ፣ አፄ ቴዎድሮስ ኤርፖርት ወረድኩ። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ ተራራው ሁሉ አረንጓዴ፣ መንገዱ ጭቃ። ጓዜን ሆቴል ወርውሬ በቀጥታ ፒያሳ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቤት የጋሼ ነው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። የሚኖሩት ጣሊያን ጎንደርን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም ባለው ጊዜ ውስጥ ከሠራቸው ሕንፃዎች በአንዱ ነው። ጣሪያው ሩቅ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ወለሉ ቴራዞ። ገና ከመግባቴ አንዴ አጨበጨብኩ። ጭብጨባው ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ «ትርርር» ብሎ ቆየ።

«ታዲያ አሁን ቤቱን ሰደብከው» አሉኝ ጋሼ።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን ማን ይሰድባል!»

የጋሼ ማጫወቻ ታሪክ ለብቻው ጉዞ ያስኬዳል። የወንድማቸው ልጅ ከአሜሪካ ነው የላከላቸው። በላስቲክ ቀበቶ የሚዞር ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ የእነሱ 110 መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ትራንስፎርመር ተገዛ። ሰኩት፣ ዞረ፣ ዘፈኑም ወጣ። ግን ዘፋኟ ወንድ ሆነች። ዘፈኑ ሁሉ ለቅሶ ቤት የመጣ ይመስል ይጎተታል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ የመብራቱን ምት አይቀይርም። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛ 50። የዚህ ማጫወቻ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ምት ነው። ስለዚህ በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር የነበረበት ሸክላ 28 እንኳን አይሞላም። ድምፁም በፒያኖ ሦስት ቁልፍ ያህል ይወርዳል።

ሌላ ሰው ቢሆን ሸጦት ያርፋል። ጋሼ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ። 60 ለ50 ሲካፈል 1.2 ነው። ሞተሩ ላይ ያለችው ቀበቶ የምትጠመጠምባት ትንሽ ጎማ በ20 በመቶ ከወፈረች ነገሩ ይስተካከላል። አውቶ ፓርኮ አካባቢ ያለ ቶርኖ ቤት ወሰዷትና ከናስ አስቀረጿት። ባለቶርኖው «ለየትኛው መኪና ነው?» ብሎ ጠየቃቸው አሉ።

ፍጥነቱን የሚፈትሹበትን መንገድም አሳዩኝ። ክብ ወረቀት ዳር ዳሩን በእጃቸው 180 መስመር አስምረዋል። ሸክላው ላይ ያስቀምጡትና በአምፖል ብርሃን ያዩታል። በእኛ መብራት አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፤ ዓይናችን አያየውም እንጂ። ሸክላው በልኩ እየዞረ ከሆነ መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። ለዚህ ሲሉ አንድ የድሮ አምፖል መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋል፤ ብዙው ኤልኢዲ እንደዚያ አይርገበገብምና አያገለግልም።

ሸክላዎቻቸው አብዛኞቹ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትናንሾቹ ናቸው፤ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን ሸክላ አሳታሚ ከከፈተ በኋላ የወጡት ይበዙበታል። ሳጥኑ ሲከፈት የሚሸተው ሽታ ብቻውን ይበቃል። አዲሷን መርፌ አስገባንና ሰማን። መለከቱ ቆንጆ ነው፣ ድምፃዊው ግን ከጉድጓድ የሚዘፍን ነው የሚመስለው። ቃላቱ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ጥፋቱ የማጫወቻው እንዳልሆነ ጭብጨባዬ ቀድሞ ነግሮኛል። ለጋሼ ግን አልነገርኳቸውም፤ ቡናው ገና ሁለተኛው ነበር።

ሁለተኛው ቤት ማራኪ ነው። ባለቤቱ ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። አዲስ የብሎኬት ቤት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ከላይ ሶሌታ። ስፒከሮቹን ከዱባይ ነው ያስመጣው፤ ወገቤ ድረስ ይደርሳሉ። ሳሎኑ ውስጥ እንዳይቆሙ ባለቤቱ ቡፌውን አስቀድማ ስላስቀመጠች አንድ መኝታ ክፍል ተፈቀደለት። 4 በ4 ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይኼን ስህተት በየከተማው አይቼዋለሁ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በክፍሉ ርዝመት እጥፍ፣ ማለትም በ8 ሜትር ስታካፍለው 43 ይመጣል። በሰከንድ 43 ጊዜ የሚርገበገበው ወፍራም ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ልክክ ብሎ ይገጥምና ይነግሣል። ወርዱም 4 ስለሆነ በዚያ በኩልም ያው 43። አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 41 ነው፤ ስለዚህ ቤዙ ወደዚያ በወረደ ቁጥር አንዲቷ ኖታ ብቻ ክፍሉን ትሞላዋለች። መሃል ላይ ስትቆም ደግሞ ጭራሽ ትጠፋለች። ልጁ ወንበሩን መሃል ላይ ነበር ያደረገው። «ቤዝ የለውም» ብሎ አምፑን፣ ማጉያውን፣ ከፍ ያደርጋል፤ ጎረቤት ግን የግድግዳው መስታወት እየተንቀጠቀጠ «ኧረ በማርያም!» ይላል።

መጀመሪያ መፍትሔ ያለው የእንቁላል ትሪ ነበር። ከእንቁላል ነጋዴ ለምኖ ሰብስቦ ግድግዳውን ለጠፈው። ከዚያ ስስ ስፖንጅ ጨመረበት። ሁለቱም የሚይዙት ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ነው። 43ቱ ድምፅ ከጫፍ ጫፍ 8 ሜትር የሚዘረጋ ማዕበል ነው፤ አምስት ሳንቲም ስፖንጅ አያስቆመውም። ውጤቱ ጸናጽሉ የሞተ፣ ቤዙ የሚያጓራ ክፍል ሆነ። ልጁ መለኪያ ማይክሮፎን አለው፣ ላፕቶፑ ላይ የእያንዳንዱን ድምፅ ጉልበት በመስመር ያያል። ችግሩን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። አሁን ተስፋ ያደረገው በጥጥ ነው። የመተማ ጥጥ አስጭኖ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያላቸው ትላልቅ ትራሶች አሰፍቶ ማዕዘኖቹ ላይ ሊያቆም ነው። ወፍራም ድምፅ የሚጠራቀመው ማዕዘን ላይ ስለሆነ ሐሳቡ ትክክል ነው።

ስለ ሽቦ ክርክሩ ብዙ አልልም። ውድ የስፒከር ገመድ ነበረው። ጋሼ መጋረጃ ጀርባ ሆነው አንዴ እሱን፣ አንዴ ከሱቅ የተገዛ ባለ 2.5 የመብራት ሽቦ እያፈራረቁ አሰሙን። ማንም አልለየም። ልጁ «ዛሬ ጆሮዬ ጉንፋን ይዞታል» አለ።

ከሰዓት በኋላ ፋሲል ግቢ ገባን። ግቢውን ብዙ ሰው ስለጻፈው እዘለዋለሁ፤ የሄድነው ለአንድ ነገር ነው። ከአፄ ፋሲል ግንብ አለፍ ብሎ የአፄ ዳዊት ሣልሳዊ የዘፈን ቤት አለ። ዳዊት ከ1700ዎቹ መጀመሪያ ነገሥታት አንዱ ነው፤ ለዘፈን ብሎ ቤት ያሠራ ንጉሥ ለእኛ ቢጤ ሰው ዘመድ ነው። ዛሬ ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው የለም። ገብተን አጨበጨብን። ድንጋዩ ትንሽ መለሰልን፣ የቀረው ወደ ሰማይ ሄደ። ወጣቱ መምህር ወዲያው ስለ ዋላስ ሳቢን አወራን። ሳቢን እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ውስጥ ንግግር የማይሰማበትን አንድ አዳራሽ አስተካክል ተብሎ የታዘዘ ወጣት መምህር ነው። ሌሊት፣ ከተማው ጸጥ ሲል፣ ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ እያስመጣ ድምፁ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ለካ። መለኪያው ምን ነበር መሰላችሁ? የተከፈተ መስኮት። በተከፈተ መስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና፣ ትራሱም ምንጣፉም ሰውም «ስንት ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት ያህላል?» ተብሎ ተሰላ። «እዚህ እኮ ጣሪያው በሙሉ መስኮት ነው» አለ ልጁ ወደ ላይ እያየ።

ማታ አዝማሪ ቤት። ማሲንቆው አንድ ክር ብቻ ነው፣ የፈረስ ጭራ፤ ቤቱ በፍየል ቆዳ የተለበጠ። አዝማሪው ማይክሮፎን ሳይዝ ከፊት ለፊታችን ሲመታ ሁላችንም ዝም አልን። ከየትኛው ስፒከር ነው ይኼን የሰማሁት? ከየትኛውም። ጥቂት ቆይቶ ማይክሮፎን ያዘና ተበላሸ፤ ማጉያው ከአቅሙ በላይ ተከፍቶ ይጮኻል። መጠጡም እየገፋ ሲሄድ ስለ አምፕ ክርክር አነሳን። ጋሼ ሰለቻቸውና ወደ አዝማሪው ዞረው «ተቀበል!» አሉ።

ስፒከሩ በስንት፣ ሽቦውስ በስንት፣
ዘፈኑን ሳትሰሙ ነጋላችሁ ሌት።

አዝማሪው ተቀበላቸው፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ እኛም ለሽልማት ኪሳችን ገባን።

ቅዳሜ የእትዬ ተራ ነበር። እትዬ ወደ ቁስቋም መውጫ የሚኖሩ ሴት ናቸው። በካሴቱ ዘመን አራዳ ላይ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ግድግዳው በጭድ የተመረገ፣ ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ፣ ከላዩ ቆርቆሮ። መሬቱ ላይ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ አጎዛ። አንዱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ ካሴት ነው። ዕቃቸው አንድ የድሮ የካሴት ማጫወቻና ጨርቁ የሳሳ ሁለት የእንጨት ስፒከር። የዱባዩ ስፒከር ባለቤት ሲያየው ፈገግ አለ።

እትዬ ካሴት ሲያስገቡ ወዲያው ለቀው አይቀመጡም። ትንሽ ካቻቢቴ ያነሱና፣ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ጣል አድርገው፣ ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ ብሎን በጥቂቱ ይነካካሉ። በየሙዚቃ ቤቱ ሲገለበጥ የኖረ ካሴት እያንዳንዱ የተቀዳበት ማሽን ሄዱ ትንሽ ዘመም ያለ ነው። የእርስዎ ማሽን በዚያው ልክ ካልዘመመ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፣ ዘፋኙ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። እሳቸው እየሰሙ ያስተካክላሉ። ብርድ ልብሱ ድንገት ይገፈፋል።

የከፈቱልን በገና ነበር። በገና ለስፒከር ክፉ ፈተና ነው። አሥሩ ክሮች ወፍራም ናቸው፣ ከሥራቸው የምትገባው እንዚራ የምትባለው ቆዳ ደግሞ «ዝዝዝ» ታሰኛቸዋለች። መጥፎ ክፍል ውስጥ ውፍረቱና ዝዝታው ተደባልቀው ጭቃ ይሆናሉ። እዚህ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ተሰማ። የደርዳሪው ድምፅ እዚያ፣ ክሩ እዚህ። ቃሉ አንድም አላመለጠንም።

መምህሩ ዝም ብሎ ላፕቶፑን አወጣ። ማይክሮፎኑን አጎዛው ላይ አቆመና ለካ። ያ በእሱ ክፍል 43 ላይ እንደ ራስ ዳሽን የቆመው ጉብታ እዚህ የለም። ነገሩ ተአምር አይደለም። ወፍራሙ ድምፅ በአቡጀዲው አልፎ ይወጣል፤ ከጨርቁ በላይ ያለው ባዶ ቦታና ስሱ ቆርቆሮ መልሰው አይልኩትም። ካሴቶቹ ጎርበጥባጣ ስለሆኑ ድምፁን ይበትኑታል። የቀረውን ምንጣፉና እኛ ራሳችን፣ ከነጋቢያችን፣ ዋጥነው። በእኔ ፍርድ ከሰማኋቸው ሁሉ የእትዬ ቤት ይበልጣል፤ እዚያው ተናገርኩ፣ ማንም አልተከራከረኝም።

ዋጋው ግን አለ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዝናቡ መጣ። የክረምት መውጫ ዝናብ፣ በረዶ የተቀላቀለበት፣ ቆርቆሮው ላይ። በገናውን ተዉት፣ እርስ በርሳችንም አልተሰማማንም። እትዬ ማጫወቻውን ዘጉና በእጃቸው ወደ ረከቦቱ ጠቆሙን። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ መብራት ጠፋ። ጋሼ «የእኔ ቤት ዝናብ አይሰማም» አሉ፣ ድል እንዳገኘ ሰው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ መምህሩ ደወለልኝ። ጥጡ ከመተማ ገብቷል፣ ትራሶቹ እየተሰፉ ነው። ጋሼም ለፒያሳው ቤት ትርፍ ካለ ይላክልኝ ብለዋል። «ሶሌታውን ምን ላድርገው?» አለኝ። «ምንም» አልኩት፤ «ወንበርህን ብቻ ከመሃል አንሣ።» አንሥቶታል። ባለቤቱ አሁን የምትጠይቀው የእንቁላል ትሪዎቹ መቼ እንደሚነቀሉ ነው። ሙጫው ቀለሙን ይዞት እንደሚወጣ ገና አልነገራትም።