የአባትሽ ቤት ጥፍር

ስቶክሆልም በገባሁ በሁለተኛው ክረምት ጉሮሮዬን ክፉኛ ታመምኩ። ቶንሲል ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝና ዳንኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ሆዴና ጀርባዬ ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ወጡብኝ። እያደር ክርኔ፣ ጉልበቴና ራስ ቅሌ ላይ ሰፍተው ተደላድለው ተቀመጡ፤ ላያቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተነሳ ይረግፋል። ሐኪሟ ቶሎ አልለየችውም። በነጭ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ነው የለመደችው፤ በእኔ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ወደ አመድማ ወይን ጠጅ ይጠጋ ነበር። ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ስሙ ተነገረኝ፤ ሶሪያሲስ።

ወዲያው ጥያቄው ተከተለ። «ከቤተሰብሽ ይህ ያለበት ሰው አለ?» ውጭ የምትኖሩ ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ፤ የትም ክሊኒክ ብትሄዱ አይቀርም። «የለም» አልኩ። ሐኪም በተቀየረብኝ ቁጥር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «የለም» ስል ኖርኩ። ዋሽቼ አልነበረም፤ የማውቀው እሱን ነበር። በሆዴ ግን ስደት ያመጣብኝ በሽታ ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። ብርዱ፣ ጨለማው፣ የሌሊት ሥራው፣ ብቸኝነቱ። ሹሩባ የምትሠራኝ አበሻ እህት ራሴን ከፍታ ስታየው ጓንት ያጠለቀች ቀን፣ አገሬ ብሆን ይህ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር ብዬ አልቅሻለሁ። እንደሚተላለፍ ፈርታ ነው። ሶሪያሲስ በመነካካትም፣ በማበጠሪያም፣ በፎጣም አይተላለፍም፤ ያኔ ግን ይህን አስረግጦ ለመናገር አንደበት አልነበረኝም።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት አዲስ አበባ ገባሁ። በቃና ዘገሊላ ዕለት ሚካኤልን ሸኝተን ከጃን ሜዳ ስንመለስ ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ወረድ ብሎ ካለው የአክስቴ ቤት ቡና ልንጠጣ ገባን። የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ቡና ይለቅማሉ። እጃቸውን ሳይ ዓይኔ ጥፍራቸው ላይ ቀረ። የአውራ ጣታቸው ጥፍር በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ ይመስል ጥቃቅን ጉድጓድ ሞልቶታል፤ ጫፉ ከሥጋው ተላቆ ገርጥቷል። የገዛ ጥፍሬን የማየው መሰለኝ።

«እትዬ፣ ጥፍርዎን ምን ነካው?»

«ምን ይነካዋል? የአባትሽ ቤት ጥፍር ነዋ! እናታችንም እንዲህ ነበረች።»

እጄን ሰፌዱ ላይ፣ ከእጃቸው አጠገብ ዘረጋሁት። አንድ ጊዜ የኔን፣ አንድ ጊዜ የራሳቸውን አዩና «ውይ፣ የኔ ልጅ» ብለው ነጠላቸውን ጎትተው እጄን ሸፈኑት። ቤት ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። አባዬን ሙሉ እጅጌ ሸሚዝ ሳይለብስ አይቼው አላውቅም። ንጽሕና ይወዳል፣ ጨዋ ነው እንል ነበር። ለካ ክርኑን እየደበቀ ነው። አዋሽ በረሃ ሲሠራ ለወባ ክሎሮኪን በዋጠ ቁጥር ገላው ይቆጣበት እንደነበር እትዬ ያስታውሳሉ፤ ክሎሮኪን ሶሪያሲስን ሊያባብስ እንደሚችል እኔ ያወቅሁት ሐኪም ዘንድ ስመላለስ ነው። አያቴ ሻሿን ሌሊት እንኳ የማታወልቀው፣ እንጦጦ ማርያም ጠበል የምትመላለሰው ለዚሁ ነበር። ሰው ጭርት ነው ይላል፣ ቋቁቻ ነው ይላል፤ ክፉ ያሰበ ለምጽ ነው ይላል።

እትዬ ልጃገረድ ሳሉ ሽማግሌ ተልኮላቸው ነበር። ዘር ተቆጠረ። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንደሌለ ተረጋገጠ፣ ቀን ሊቆረጥ ሆነ። ከሙሽራው ወገን አንዲት ሴት ለጉዳይ መጥታ፣ እትዬ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሊጥ ሲያቦኩ ክርናቸውን አየች። «እነዚህ ሰዎች ዘራቸው ላይ ደዌ አለ» ተባለ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። ወንድ አያቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ቆዳ በቤቱ እንዳይነሳ ከለከሉ። ልጆቻቸውን መዳራቸው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ሰባት ቤት ድረስ ስም በቃል የሚያውቅ ቤተሰብ፣ ከዚያ ሁሉ ስም ጋር የወረደውን ሕመም ግን ለኔ አላወረሰኝም። እኔም ሰው አገር ብቻዬን የተመታሁ መስሎኝ አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ቡናው ተፈልቶ ሲቀዳ እትዬ ጀበናውን በሁለት እጅ ነው የሚያነሱት። ጣቶቻቸው አብጠዋል፣ አንዱ ጎብጧል። ቁርጥማት ነው ይላሉ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ እየዋጡ ኖረዋል። እኔ ደግሞ ስቶክሆልም እያለሁ ተነግሮኛል፤ ሶሪያሲስ ካለባቸው ሰዎች እስከ 30 በመቶ በሚደርሱት ላይ በሽታው መገጣጠሚያም ውስጥ ይገባል፣ ጥፍሩ የተነካ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠረጠራል። ይህን እያወቅሁ በስልክ «ጤናዎ እንዴት ነው?» ስላቸው፣ «ቁርጥማቴ ነው እንጂ ደህና ነኝ» ሲሉኝ አልፌዋለሁ።

በሳምንቱ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። እንቢ ብለው ነበር፤ «ከእንግዲህ ማን ሊያገባኝ ነው» ብለው መልሰው ራሳቸው ተነሡ። ወጣት ሐኪም ናት። ጥፍራቸውን አንድ በአንድ ካየች በኋላ «እማማ፣ ጠዋት ሲነሡ ጣትዎ እስከ ስንት ሰዓት አይታጠፍልዎትም?» አለቻቸው። «ቅዳሴ እስኪወጣ» አሉ። ራጅ ተነሡ፣ ደም ሰጡ፣ የመገጣጠሚያ ሐኪምም አያቸው። የሰውነት መከላከያን ቁጣ የሚያበርድ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ተጀመረላቸው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ነው፤ በየቀኑ ቢወሰድ አደገኛ ስለሆነ ሐኪሟ ደጋግማ አስጠነቀቀች፤ ጉበትም በደም ምርመራ መታየት አለበት። እትዬ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው ብለው ሐሙስን መረጡ። ቀን መቁጠሪያቸው ላይ ሐሙስ ሐሙሱን በእስክሪብቶ ከብቤላቸው መጣሁ።

እዚያው ክፍል ውስጥ የራሴን ጥያቄ ጠየቅሁ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይወጣባታል ወይ? ሐኪሟ አላድበሰበሰችብኝም። አዎ፣ በዘር ይወርዳል፤ በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ኤችኤልኤ-ሲ የሚባለውን ጨምሮ ብዙ ዘረ መሎች እጃቸው አለበት። የሚወርደው ግን ተጋላጭነቱ ነው። በተለምዶ የሚጠቀሰው፣ ከወላጆች አንዱ ካለበት ልጁ ላይ የመውጣቱ ዕድል 10 በመቶ ገደማ፣ ሁለቱም ካለባቸው ግማሽ በግማሽ ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች እንኳ አንዱ ሲይዘው ሌላው ሳይያዝ ሊኖር ይችላል። «ዘሩ መሬት ውስጥ ቢኖርም ዝናብ ያስፈልገዋል» አለችኝ። ዝናቡ የጉሮሮ ሕመም፣ ጭንቀት፣ የቆዳ መላላጥ፣ አንዳንድ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የሰውነት መከላከያ ያለ ጠላት ሲቆጣ፣ ወር ገደማ ፈጅቶ የሚታደሰው ቆዳ በጥቂት ቀናት ይታደሳል፤ ቅርፊቱ የሚቆለለው ለዚህ ነው። የሆነው ሆኖ ስደት ብቻውን አላመጣብኝም። ስቶክሆልም ዝናቡን ቢያመጣም ዘሩ ከዚሁ ከአራት ኪሎ አብሮኝ የሄደ ነው። ይህን ስሰማ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቀለለኝ። አባዬ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ።

አሁን ልጄን ጥፍር ስቆርጥላት አስተውላለሁ። እስካሁን ንጹሕ ነው። ለምን እንደማይ ስትጠይቀኝ ስለ አያቷ ሸሚዝ ነገርኳት፤ ጉሮሮዋን ሲያማት ሳትደብቅ እንድትነግረኝም ተስማምተናል። የአጎቴ ልጅም አዲስ አበባ ሆኖ ፎረፎር እያለ ለዓመታት ሲታጠበው የኖረውን ራሱን ለሐኪም አሳይቷል። እሱም ያው ሆኖ ተገኘ።

በሦስተኛው ወር እትዬ በስልክ ድምፅ ቀድተው ላኩልኝ። ክርናቸው ገና እንዳልጠራ፣ መድኃኒቱ ሐሙስ ማታ ማታ ትንሽ እንደሚያቅለሸልሻቸው፣ ሐኪሟም ለዚሁ ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን እንዳዘዘችላቸው ተናገሩ። ቀጥሎ ሲኒ ሲንኳኳ ይሰማል። «እይ እንግዲህ» አሉ፣ ማየት የምችል ይመስል፣ «በአንድ እጄ ነው የምቀዳው።»