የእትዬ ዘ. አመድ

ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀንም። የጦሳ ተራራ ጉም ተከናንቦ የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ ሲሆን እኔን ምንም ነገር መጀመር አያሰኘኝም፣ በተለይ ሥራ። መካኒኬ ሐጂ ግን በጠዋት ደወሉና «ዛሬ ሞተሯን እናወርዳለን፣ ቱታህን ለብሰህ ጠብቀኝ» አሉ። ሐጂ ካሉ አለቀ።

ቮልስ መኪናዬን ታውቋታላችሁ። ሐረጎ ዳገት ላይ ያሳፈረችኝን ግን የነገርኳችሁ አይመስለኝም። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ንቅንቅ የለም። ኮምቦልቻና ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁ ነው፣ ግን በዚያች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ የያዘና ያልያዘ ፍሪሲዮን (የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያቀብለው) የሚለየው እዚያ ነው። ከኋላዬ ያለው የጭነት መኪና ሹፌር ስላለኝ ነገር አልጽፍም።

ሐጂ መጥተው ሥሯ ገቡ። ጠብታውን በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሹ ሳጥን) በሚገጥሙበት ቦታ ዘይት ከተንጠባጠበ ከአንዱ ወገን ነው። ከሞተሩ ከሆነ ቀጠን ይላል፣ ይጠቁራል። የካምቢዮ ዘይት ግን ወፍራም ነው፣ ድኝ ስላለበት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። «ካምቢዮ ነው» አሉ። የካምቢዮው ዘንግ ወደ ፍሪሲዮን ብቅ በሚልበት አፍ ላይ ያለችው፣ ዘይት እንዳይወጣ የምትይዘው ኦይል ሲል አርጅታለች። መዳፍ የማትሞላ ጎማ ናት። እሷን ለመቀየር ሞተር በሙሉ ይወርዳል።

ደግነቱ ቮልስ ነች። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው። የነዳጁ ጎማ፣ የነዳጅ መስጫው ገመድ፣ የዲናሞ ሽቦዎች ተፈቱ፣ ከሥር ክሪክ ገባ፣ ከሐጂ ረዳት ልጅ ጋር ሆነን ወደ ኋላ ሳብ አደረግነው። ሜክሲኮ የመጨረሻዋን ቮልስ የሠራችው በፈረንጆቹ 2003 ነው፤ ይሄ ልጅ ያኔ አልተወለደም፣ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታታል። የፍሪሲዮኑ ዲስክ በዘይት ርሷል። «በቤንዚን ባጥበውስ?» አልኩ። ሐጂ ዝም ብለው አዩኝ። የጠጣውን ዘይት ሲሞቅ መልሶ ስለሚያወጣ ይጣላል እንጂ አይታጠብም፣ ይሄ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

አሮጌዋን ኦይል ሲል በካቻቢቴ ፈልቅቀው አወጧት። ከንፈሯን ዘንጉ ላይ የሚያጣብቅላት ክብ ቀጭን ስፕሪንግ አለ፣ እሱ ደህና ነው። ጎማው ነው የደረቀው። ሐጂ ዘንጉን በጥፍራቸው ዳሰሱት። አሮጌዋ ዘንጉን በልታው ከሆነ አዲሷም እዚያው መስመር ላይ ካረፈች ታፈሳለች፣ ስለዚህ ትንሽ ጠለቅ ወይም ወጣ አድርጎ ማስገባት ነው።

እዚህ ላይ ሳለን አንድ ብሎን ተንከባለለና መኪናዋ ሁልጊዜ የምትቆምበት ጥግ ገባ። ልጁ ሊፈልግ ሄደ። እጁ ጥቁር ሆኖ ተመለሰ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ አመድ የሚያፈስሰው ማነው?»

ሄጄ አየሁ። አመድ በአመድ ላይ ተነጥፏል። የታችኛው ዘይት ጠጥቶ ጠጥሯል፣ የላይኛው የትናንት ነው። የከሰል አመድ። ግቢው ውስጥ በቀን ሦስቴ ቡና የሚያፈሉት እትዬ ዘ. ብቻ ናቸው። ዘይቱ ላይ ልጆች እንዳያንሸራትታቸው አመድ ሲነሰንሱበት ከርመዋል ማለት ነው። ለእኔ አንድ ቀን «መኪናህ ታፈሳለች» አላሉኝም። ጠዋት ስወጣ «በሰላም ግባ»፣ ማታ ስገባ «ና፣ ቡና ጀባ»።

ከዚያ በኋላ ስለ ኦይል ሲሏ አልሰማሁም። ሐጂ ከንፈሯ እንዳይቆረጥ የዘንጉን ጥርሶች በፕላስተር ሲሸፍኑ፣ ዘይት ሲቀቧት፣ በቧንቧ ቁራጭ ዙሪያዋን እኩል ቀስ እያሉ ሲመቷት፣ ባትሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ግን ግድግዳውን ነው ያበራሁት። ሁለቴ ተቆጡኝ።

የማስበው ምን መሰላችሁ? ሌላስ ምን ተሸፍኖልኛል? ማስተርሱን የት አደረስከው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ ድሮ ሁሉም ይጠይቅ ነበር። መቼ እንዳቆሙ አላውቅም፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው ያቆሙት። እድር ላይ ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ ስሜ ይጠራና አንድ ሽማግሌ ቶሎ ብለው «እሱ ሥራ ይበዛበታል» ይላሉ። ሥራ እንኳ አይበዛብኝም። ቡና ላይ ስለ ቮልሷ ሳወራ አንዱ ተነስቶ በሩን ያያል። አንድ ሠርግ ላይ ዘፈን አውጣ ተብዬ ማይኩ የተበላሸውስ? እኔ ከጨረስኩ በኋላ እኮ ሠርቷል! የእኛ ሰው ፊት ለፊት አያሳፍርም፣ «አብሽር» ብሎ ነገሩን ያልፋል፤ ይሄን እያወቅኩ ሌሎቹን እንጂ ራሴን አስቤበት አላውቅም።

ሐጂን ጠየቅኳቸው። «ሐጂ፣ እርስዎ ሰው ላይ ጉድለት ሲያዩ ይናገራሉ?»

«መኪና ላይ እናገራለሁ» አሉ።

ይሄን ስጽፍ ሞተሩ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል፣ ዲስኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይቆያል። እኔ የምለው፣ ሴትዮዋ አመድ መድፊያ ቸግሯቸውስ ቢሆን? ግቢያችን ገንዳ የለውም። ነገ ልጠይቃቸው ብዬ አስቤ ነበር። ግን «አይ ልጄ፣ መድፊያ አጥቼ ነው» ቢሉኝ፣ እውነት ይሁን ይሉኝታ በምን አውቃለሁ?